የትጓደድ ቅራሪ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የልጅ ልጅ ሜሮን «ተነሺ፣ ዛሬ አንድ ነገር አስቀምስሻለሁ» ብላ ሐይቁ ዳር አዲስ ወደተከፈተ ቤት ይዛኝ ሄደች። ቢራውን ከፋብሪካ አያመጡም፣ እዚያው ጓሮ ውስጥ ነው የሚጠምቁት። እኔ ቢራ አልወድም፣ ሆዴን ይነፋኛል፤ ዋጋውን ሳየው ደሞ ይብስብኛል። አስተናጋጁ ግን ጎምዘዝ ያለ፣ ለዚህ ለበጋ ሙቀት ሆን ተብሎ የተሠራ አለን ብሎ በቀጭን ብርጭቆ አመጣልኝ። ቀለሙ የገለባ ነው፣ አረፋው ወዲያው ይከስማል። አንዴ ጎንጨት አልኩ። መንጋጋዬ ሥር የሆነ ቦታ ጭምድድ አለና ምራቄ ሞላ፣ ጉሮሮዬ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ አፍንጫዬ ላይ የእርጥብ ሸክላ ሽታ መጣ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ሜሮን «መረረሽ እንዴ?» አለችኝ። ይሄን ጠጥቼው አውቃለሁ አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ይሄ እኮ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ልጅ ነው የሚሠራው፣ ካገራችን የለም አለች። አልተከራከርኳትም። እኔ የጠጣሁት እናቷ እንኳ ሳትወለድ ነው፣ ስማዳ ውስጥ፣ በሸክላ ዋንጫ። የጠነሰሰችው ልጅ ደሞ ያኔ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከመምህራን ማሰልጠኛ ከተመረቅኩ ሁለት ወር አልሞላኝም፣ የምስክር ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ከልብሴ ሥር ነው ይዤው የምዞረው። ከተማ ይመድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ስሜ ትይዩ «ስማዳ» የሚል ተጽፎ አየሁ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ የሰው ስም መስሎኝ ነበር። እስከ ደብረ ታቦር በአውቶቡስ፣ ከዚያ እስከ ንፋስ መውጫ በጨውና በስኳር ጭነት ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ንፋስ መውጫን ስሙን ያወጣለት ሰው አልዋሸም፤ ጉርዴን በሁለት እጄ ይዤ ነው ከመኪናው የወረድኩት። ጉርዱ ሰማያዊ ነው፣ ጉልበቴ ላይ የሚያበቃ፣ ሹል ጫማ አድርጌያለሁ፣ ጸጉሬን አጎፍሬዋለሁ። በዚያ ሁኔታ ሁለት ቀን በበቅሎ። የስማዳ ከተማ ወገዳ ስገባ ቅዳሜ ነበር፣ ገበያው ሙሉ ነው፣ ሰው ሁሉ መሸጥ መግዛቱን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። አንዷ ሽማግሌ ጠጋ ብላ ጫማዬን አየችና ይቺ ልጅ ተረከዟን ማን ሞረደባት ብላ ጠየቀች። አሁን መንገድ ገብቷል፣ ባጃጅም አለ ይላሉ። ያኔ የነበረው የልብስ ሰፊው በረንዳ፣ አቡጀዲና ሻማ የሚሸጠው ሱቅ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትከፈት አንዲት ትራንዚስተር ራዲዮ ነው። ባትሪዋ እንዳያልቅ አንድ ዘፈን ብቻ አሰምተው ይዘጓታል። ሰው ያቺን አንድ ዘፈን ሊሰማ ከሩቅ ቀበሌ ይመጣ ነበር። እንቁላል ስድስቱ በአስር ሳንቲም፣ አንድ ዋንጫ ጠላ በአምስት ሳንቲም። የዛሬ ልጆች ይሄን ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ከእመት አንጓች ቤት አሳደረኝ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጠላ ሸጠው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ደጃቸው ላይ ረጅም እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ዋንጫ ተደፍቶበታል፣ ጠላ አለ ማለት ነው። የሚጠጡት ገበሬዎችና የደብሩ ካህናት ናቸው። እኔን «ሴት የኔታ» አሉኝ፣ ለመሳቅ ብለው ነው፤ በኋላ ግን ስሙ ጸና። ጎረቤታችን አያ ደስታ የሚባል፣ አፉ የማያርፍ ገበሬ፣ ባየኝ ቁጥር «የኔታ፣ ዛሬስ ስንቱን ገረፍሽ?» ይለኝ ነበር። እኔም ያንተ ተራ ገና ነው እለዋለሁ። ምላሴ አያድርም ነበር፣ ችኩልም ነበርኩ። ውሃ እስኪፈላ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ፣ ወገዳ ደሞ ምንም ነገር የማይቸኩልበት አገር።

እመት አንጓች ሁለት ጋን ነበራቸው። አንደኛው ለሽያጭ ነው፣ መደብ አጠገብ። ሁለተኛው ከጓዳው ነው፣ እኔ ከምተኛበት ቦታ የሚለየው አንድ በጭቃ የተመረገ ግርግዳ ብቻ። ከሱ ለማንም አይቀዱም። ጥር ውስጥ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በእኩለ ቀን ተመለስኩ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከንፈሬ ደርቋል። አዩኝና ወደ ጓዳ ገቡ። በዋንጫ ይዘው መጡ፣ እንደ ወጉ መጀመሪያ ከመዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ፣ ከዚያ ሰጡኝ። ያ ወግ መርዝ የለበትም፣ ቀድሜሽ እኔ ልሙት ማለት ነው፤ የማንም ጠላ ሻጭ ታደርገዋለች። እሳቸው ግን ከቀመሱ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። ጠጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር ጠጥቼ አላውቅም። ይጎመዝዛል፣ ግን ሆምጣጤ አይደለም፤ ምላስ ይነክስና ይለቃል፣ ከሆድ ሲደርስ ሰውነት በሙሉ ጥላ ውስጥ የገባ ይመስላል። ድገሙኝ አልኩ። በቀን አንድ ነው አሉኝ። ዋንጫውን ተቀበሉኝ፣ ከእንስራው ውሃ ሞሉበት፣ ተመልሰው ገብተው ጋኑ ውስጥ ጨመሩት። የጠጣሁትን ያህል መለሱ ማለት ነው።

ቅራሪ ለማያውቅ ልንገር። ጠላው ተጠጥቶ ሲያልቅ ጋኑ ሥር አተላው ይቀራል። እሱ ላይ ውሃ ሲጨመርበት በማግስቱ ሌላ ቀጭን መጠጥ ይወጣል፣ ቅራሪ የሚባለው ያ ነው። ቤተሰብ ይጠጣዋል፣ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን፣ ከዚያ አተላው ለከብት ይሰጥና ጋኑ ይታጠባል። የእመት አንጓች ቅራሪ ሦስት ዓመቱ ነበር። አንድ ጊዜም ጎድሎ አያውቅም። ሲደክምባቸው እፍኝ ብቅልና ቁንጥር ጌሾ ይጨምሩበታል፣ የቀረው ውሃ ነው።

ለምን እንደሆነ የነገሩኝ አንድ ማታ ጥጥ እየፈተሉ ነው፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ። ትጓደድ የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ እኔ ያኔ የነበርኩበት ዕድሜ ላይ። አንድ ጠዋት ጥንስሱን ጠነሰሰች፤ ብቅሉንና ጌሾውን በእጇ አሽታ ከጋኑ ከተተች። ከዚያ ለዘመድ ሠርግ ቆላ ወረደች፣ ድፍድፉን ስመለስ እኔው አደርገዋለሁ ብላ። ንዳድ ያዛት፣ በአምስተኛው ቀን ሞተች። ለእናቷ መርዶው ሲደርስ ከተቀበረች ሳምንቷ ነው። ከሠርግ ቤቱ ሰዎች አንዱ ተሰዷል፣ አንዱ ሞቷል፣ እዚያ ክረምት ሁሉን ይጠርገዋልና እመት አንጓች ኋላ ሲወርዱ መቃብሩን የሚያሳያቸው ሰው አልተገኘም። «ከዚህ ተቀበረች የሚለኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ» አሉኝ፣ «ጋኑን እኔው እደፋው ነበር። የማለቅስበት አፈር የለኝም፣ ልጄ። ያለኝ የእጇ ሥራ ነው።»

ይሄን ከሰማሁ በኋላ ነው ድምፁን ልብ ማለት የጀመርኩት። ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራል። ከግርግዳው ወዲያ እፍ ይላል፣ ቆየት ብሎ ደግሞ እፍ ይላል። የተኛ ሰው ትንፋሽ ነው። እርሾ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ፣ በደንብ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። አንድ ምሽት ሳልኩ። ትንፋሹ ቆመ። ሳሌን እስክጨርስ ጠበቀና ቀጠለ። ሌላ ጊዜ፣ ሞኝነቴ ነው፣ ሴትየዋ ደጅ ሳሉ በቀልድ «ትጓደድ» ብዬ ጠራሁ። ያኔም ቆመ። ግን ቶሎ አልቀጠለም፣ የሚሰማ ሰው ዝምታ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስሟን ከዚያ ቤት ውስጥ ጠርቼ አላውቅም።

የነፍስ አባታቸው አባ ወልዴ ነገሩን አልወደዱትም። ለትጓደድ ፍትሐት ተፈትቷል፣ ተዝካር ወጥቷል፣ እናትየዋ ግን ቤቷ ውስጥ አስተኝታ ይዛታለች ብለው ያዝኑ ነበር። እኔን መንገድ ላይ ጠሩኝና አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪያት አሉኝ። ነገርኳቸው፤ እንዴት አድርጌ እንደነገርኳቸው ሳስበው አሁን ያሳፍረኛል። እመት አንጓችን እንደ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ቁጭ አድርጌ፣ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ነገሮች ብቅሉን ሲበሉት ነው የሚንተከተከው፣ እንደኛው ይበላሉ ይተነፍሳሉ፣ ሌላ ምንም የለበትም አልኳቸው። ጨርሼ ስመለከታቸው ፈገግ ብለዋል።

«ይተነፍሳል አልሽ?»

«አዎ።»

«እኔስ ሌላ ምን አልኩ?»

መጋቢት ላይ፣ ሁዳዴው ሲጋመስ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ አጠገብ ያሉ እህታቸው ባል ሞተባቸውና እመት አንጓች ለለቅሶ ሄዱ። ስድስት ቀን እቆያለሁ አሉ። ቤቱን አደራ ብለው የሰጡኝ አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ በቀን አንድ ዋንጫ ውሃ። አትርሺ፣ አታብዢም አሉኝ። በር ላይ ሆነው ደግመው ነገሩኝ።

የመጀመሪያውን ቀን ጨመርኩ። ሁለተኛውንም ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ምሽት ትንፋሹ ተለወጠ። የተኛ ሰው መሆኑ ቀረና የሮጠ ሰው ሆነ፤ ቶሎ ቶሎ፣ እየተቆራረጠ፣ እናቱን ፍለጋ ቤቱን እንደሚዞር ልጅ። ነጠላዬን ጆሮዬ ላይ ጠምጥሜ አደርኩ። ሲነጋ ቅዳሜ ነው፣ ትምህርት የለም፣ ተነሳሁና ያ ጋን ዛሬ ይታጠባል አልኩ። በእኛ አገር እንግዳ ሆና የከረመች ልጅ ለፋሲካ የቤቱን እመቤት ጋን አጥባ አጥና ብትጠብቃት ጨዋ ናት፣ ትመረቃለች። ለእመት አንጓች መልካም እየሠራሁ ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት። ለብዙ ዓመት ለራሴም ለሰውም እንዲያ ነው ያወራሁት። እውነቱ ግን ስለፈራሁ ነው። ሌላ ሌሊት ከዚያ ግርግዳ አጠገብ ማደር አልቻልኩም።

ጋኑን አንከባልዬ ደጅ አወጣሁት። ቅራሪውን ደፋሁት፣ መሬቱ ጠጣው። አተላው ጥቁር ነው፣ ወፍራም፣ ግማሽ ባልዲ ይሆናል። አያ ደስታ ከአጥሩ ወዲያ አየኝና «የኔታ፣ እንዳትደፊው፣ ለመሲናዬ» አለ። መሲና መውለድ የማትችል ላም ናት፣ ለሥጋ ነው የምትቀለበው፤ የሱ ለፋሲካ ቅርጫ ስትደልብ የከረመች ቀይ ላም ናት። በገበቴ አቀበልኩት። ላሚቱ እስከመጨረሻው በላች፣ ገበቴውን በምላሷ ዙሪያውን ላሰችው፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ወደ ጋኑ ተመለስኩ። ወደ ውስጥ ሳጎነብስ፣ ከውሃው መስመር በላይ፣ የደረቀው ጥንስስ ላይ አራት የጣት ፈለግ አየሁ። ትጓደድ ስትጠነስስ እጇን ጠራርጋ ያወጣችበት ነው፣ ከላይ ወደ ታች። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን ፈለጉ ላይ አሳረፍኳቸው። ልክ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። ግራዋውን አንስቼ ፈተግሁት፣ እስኪጠፋ ድረስ ፈተግሁት። በወይራ አጠንኩት፣ ቦታው መለስኩት፣ ከመሸጫው ጋን ቅራሪ ቀድቼ ሞላሁበት። ማታ ምንም ድምፅ አልነበረም። ትንፋሹ ነበረ ያስፈራኝ ያልኩት ውሸት ነው፤ የዚያን ምሽት ዝምታ የሚያህል ነገር እስካሁን አላየሁም።

በስድስተኛው ቀን ተመለሱ። እግራቸውን ሳይታጠቡ ገቡ ጓዳ። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ቀዱ፣ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ፣ ቀመሱ። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። እጃቸውን ቀስ ብለው ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉና ጋኑን በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት፣ ከውጭ፣ እንደ ሕፃን ግንባር። ይጮሁብኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ብቻ እንዲህ አሉኝ፦

«አተላውን ማን በላው?»

ለአያ ደስታ መሲና ሰጠሁት አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጡ፣ አጥሩን ዞሩ፣ ላሚቱ ከታሰረችበት ደረሱ፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉና ጆሯቸውን ጎኗ ላይ አስደገፉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ሆሳዕና በየምሽቱ እዚያ ነበሩ። አያ ደስታ መጀመሪያ ላይ ሲቀልድ ነበር፤ እመት አንጓች ላሜ ምን አለችሽ፣ ስለኔ ታማለች ወይ ይላቸዋል። እሳቸው ጆሯቸውን አያነሱም። የላም ሆድ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? ይንተከተካል፣ ያጉረመርማል፣ ጋን ነው እኮ። ይሄን አሁንም ለተማሪ እንደማስረዳው አድርጌ ላስረዳችሁ እችላለሁ፤ አርባ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ግን አንድ ቀን በእኩለ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እኔ ሁልጊዜ በምመጣበት ሰዓት፣ መሲናይቱ ገመዷን በጥሳ እመት አንጓች ደጅ ቆማ አገኘኋት። ወደ ጓዳው ነው የምትመለከተው። አፏ ቅራሪ ቅራሪ ይሸታል። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን አያ ደስታ መቀለዱን ተወ። ሊወስዳት ሲመጣ በሩቁ ነው የሚቆመው፣ ገመዷን በእንጨት ጫፍ ነው የሚያነሳው።

ፋሲካ ቀረበ። ቅርጫው የሰባት ሰው ነው፣ አንደኛው አባ ወልዴ ናቸው። እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ ያደረግኩትን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ደሞ በቢላ ሊያልቅ ነው። አያ ደስታ ዘንድ ሄጄ ላሚቱን ልግዛህ፣ ደመወዜን በሙሉ ውሰድ አልኩት። መጥፎ ሰው አልነበረም። አንገቱን እያከከ «የኔታ» አለኝ፣ «ከኔ ሌላ ስድስት ሰው ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ይቺን ሲያልም ከርሟል። ደሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከደጄ እንድትቆይም አልፈልግ።» ወደ እመት አንጓች ተመለስኩና አንድ ነገር ይበሉ እንጂ፣ ይለምኑት፣ ያልቅሱበት ብዬ ጮኽኩባቸው። የሚፈትሉትን አላቆሙም።

«ላሚቱ የሰው ናት። ሥጋውን ምን ላደርገው?»

ምን እንዳሰቡ ሳላውቅ ነው ፋሲካ የደረሰው።

ቅዳሴ ወጥቶ፣ ነግቶ፣ ፀሐይ ጉብታው ላይ ሲያርፍ ሰዎቹ ላሚቱን አያ ደስታ ጓሮ ጣሏት። ስትታረድ አልጮኸችም። ገፈው፣ ቅጠል አንጥፈው መደብ መደቡን እየለዩ ሳለ እመት አንጓች መጡ። ነጭ ለብሰዋል። ክንዳቸው ላይ የታጠፈ አዲስ ኩታ አለ፣ ጥለት የሌለው፣ ሁዳዴን ሙሉ ሲፈትሉለት የነበረው። ያን ያህል ጊዜ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። እንኳን አደረሳችሁ አሉ። ሰዎቹም እንኳን አብሮ አደረሰን አሉ፣ ቢላቸውን ይዘው።

«ፈርሱን ስጡኝ» አሉ።

ፈርስ ጨጓራ ውስጥ ያለው ያልተፈጨ ሣር ነው፣ የሚጣል ነገር። ውሻ እንኳ የማይሻማበት። ማንም አልሳቀም። አያ ደስታ ራሱ ጨጓራውን አነሳ፣ በረጅሙ ቀደደው፣ ኩታው ላይ ገለበጠው። ጭሱ ወጣ። ያ ሽታ ነው፣ ያው የበጋው የእኩለ ቀን ሽታ፣ ሰባቱም ሰዎች የሚያውቁት አይመስለኝም እንጂ እኔ አወቅኩት። ላይ ላዩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ እፍ እያለ አረፋ ያወጣል። እመት አንጓች ኩታውን ከአራቱም ማዕዘን ሰብስበው፣ አጥፈው፣ ልክ እንደሚገነዝ ሰው አድርገው ጠቀለሉት። ከዚያ ታቀፉት። ኩታው ከሥሩ አረንጓዴ እየሆነ ነጠላቸውን አራሰው።

አባ ወልዴ እጃቸው ላይ ደም አለ፣ ቆመው ነው የሚያዩት። «እኔ ለፈርስ አልፈታም፣ እመት አንጓች» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«ፍትሐቷን ፈተውላታል፣ አባ። እኔ የለመንኩዎ አፈር ነው።»

«ከቅጥሩ ውስጥ አላስገባም።»

«ከውጭ ይሁን።»

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባ ወልዴ በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ፣ በሕይወቴ አንዴ ብቻ በዓይን ዝም ያልኩት ያኔ ነው። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና አያ ደስታን ዶማ አምጣ አሉት። ተቀብለው ቀድመው ሄዱ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ትልቁ ጽድ ሥር፣ ሌላ ሰው ሳያስነኩ እሳቸው ቆፈሩ፣ የፋሲካ ልብሳቸውን እንደለበሱ። ጉልበት ድረስ ሲሆን ወጡና ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። አልጸለዩም። ግን አልሄዱም።

እመት አንጓች አስቀመጡት፣ አፈሩን በእጃቸው መለሱት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመውን። የልጃቸውን ስም እየጠሩ፣ መልኳን፣ ቁመቷን፣ እጇን እያነሱ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። አያ ደስታ ሸማውን አፉ ላይ አድርጎ ሽቅብ ጽዱን ያያል። ሲበቃቸው ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን አፈሩ ላይ አደረጉ። ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ግራ የተጋባ ነበር።

«ጆሮዬ ደክሟል፣ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ ስሚልኝ። ዝም አለች?»

ተንበረከክሁ፣ ጆሮዬን አሳረፍኩ። አፈሩ ሞቅ ያለ ነው። መጀመሪያ የራሴን ደም ሰማሁ። ከዚያ ከሥር፣ ቀስ ብሎ፣ የሮጠ ሰው አይደለም፣ የተኛም ሰው አይደለም። የነቃ ሰው ነው። እፍ አለ። እኔ ትንፋሼን ስይዝ እሱም ያዘ። ስለቅ ለቀቀ። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩት አላውቅም፣ አባ ወልዴ ዘወር ብለው እስኪያዩኝ ድረስ ነው።

እመት አንጓች እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። እጃቸው ላይ አፈር አለ።

«ዝም ብላለች» አልኳቸው። «ተኝታለች፣ እማ።»

እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ተነሱ፣ ነጠላቸውን አራገፉ፣ የጽዱን ግንድ ደገፍ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። ከዚያ ሁላችንንም አየት አደረጉና፣ ሁዳዴ ዛሬ ገና የወጣላቸው ይመስል፣ «በሉ እንግዲህ» አሉ፣ «ቤት ግቡና እንፈስክ።»